ላጲስና ጠገራ

ከሥራ ዕቃዎቼ ሁሉ ቶሎ የሚያልቅብኝ ላጲስ ነው። ካቻቢቴው ዓመታት ይቆያል፤ ብሩሹም እንደዚያው። ላጲስ ግን ልጆቼ ከደብተራቸው ጋር የሚይዙትን እየቀማሁ እንኳ አይበቃኝም። አምበር ከደጀን በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ያለች ከተማ ናት። የመንገዱ አቧራ፣ በመኸር ጊዜ የጤፍ ገለባ ብናኝ፣ ማታ ማታ የምድጃ ጭስ፣ ሁሉም ላፕቶፕ ውስጥ ገብቶ ያድራል። «ይበራል፣ ግን ምንም አያሳይም» ተብሎ የሚመጣልኝን ላፕቶፕ ገልብጬ ክዳኑን እፈታለሁ። ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ስስ መቆንጠጫዎች በአውራ ጣቶቼ ወደ ውጭ ገፋ ሳደርጋቸው ራም የሚባለው የማስታወሻ ሰሌዳ ብድግ ይላል። ከጫፉ የተደረደሩት የወርቅ ጥርሶች ወርቅነታቸው ጠፍቶ ዳማ መስለዋል። በላጲስ ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ ወደ ኋላ ሳልመልስ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጥርስ በቀስታ እጠርጋቸዋለሁ። ብናኙን እፍ ብዬ አጋድሜ እሰካዋለሁ፤ ተጭኜ ሳስተኛው ጠቅ ይላል። ማብሪያውን ስነካው ስክሪኑ ይነጋል።

ባለቤቱ ደስታው ሳያልቅ ዋጋ እነግረዋለሁ። «ኧረ ተው አያ! ለላጲስ ነው እንዴ የምታስከፍለኝ?»

አምበር ውስጥ «ሜሞሪ» ሁለት ነገር ነው። የገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ጎረምሳ «ሜሞሪ አለህ?» ካለኝ ስልክ ውስጥ የምትገባዋን፣ ከጥፍር የማትበልጠዋን ካርድ ፈልጎ ነው። ዘፈንና ድራማ ሞልቼለት ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያቺ ካርድ እንደ ጨው ተፈለገች። መምህር ወይም የወረዳ ሠራተኛ «ሜሞሪ ጨምርልኝ» ካለ ግን ራም ማለቱ ነው። ሁለቱም ታዲያ መጨረሻ ላይ የሚጨምሯት ቃል አንድ ናት፤ «ብቻ የማይከዳኝን ስጠኝ።»

የማይከዳውን መምረጥ በዚህ አገር አዲስ ጣጣ አይደለም። አያቴ የቢቸና ሰው ነበሩ። እናቴ እንደምትነግረን፣ በሬ ሸጠው ጠገራ ብር ሲቀበሉ እያንዳንዷን ለብቻ መርምረው እንጂ አይከቱም ነበር። በመጀመሪያ ብሯ ላይ የታተመችው ሴትዮ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ያያሉ፤ በዙሪያው ያሉት ዕንቁዎች አንድ በአንድ ጎልተው በአውራ ጣት ጥፍር ካልተቆጠሩ ብሯ ትመለሳለች። ቀጥሎ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ይፈልጋሉ። አያቴ የፈረንጅ ፊደል አያውቁም፤ ግን ሁለት መሆናቸውን ያውቃሉ። በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ሻጭና ገዢ በዚህ አይቀያየሙም፤ የማይመረምር ሰው ካለ እሱ ነው ሞኝ የሚባለው።

ያቺ ሴትዮ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 እንደያዘ ቀረ። ክብደቷ 28 ግራም ከጥቂት ፍርፋሪ ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በራሳቸው መልክ ያሠሩትን ብር እንኳ ብዙው ገበያ በሙሉ ልብ አልተቀበለውም፤ ዓይኑ የለመደው ሴትዮዋን ነበርና። ጣሊያን ሊወረን ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ማኅተም ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ መታት። በዓመቱ እንግሊዞች ለንደን ላይ መቱ፤ ቆይቶ ደግሞ ቦምቤይ። ሁሉም ላይ ሴትዮዋ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ክብደቱ አንድ። አያቴ የቆጠሩት ብር የት አገር እንደተመታ አያውቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። ዕንቁው ከተቆጠረና ድምፁ ከጠራ ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣና ጠገራ ሲሰበሰብ ብዙው ብር ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆነ።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ከማርቆስ በስተ ደቡብ የጁቤ ላይ የባሶ ገበያ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ከርሞ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከአባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና የሰው ልጅ ሳይቀር ይመጣበት ነበር፤ ከወዲህ ጨውና ጨርቅ ይሄድበት ነበር። አሞሌ ጨው ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርድ ነበር፤ ለዚህ ነው በልጥ አስረው ያጓጉዙት የነበረው። እኔም ራም በኪሴ ይዤ በአውቶቡስ ስመጣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ነው። ልማዱ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ።

ራምን ከጠገራ የሚለየው ማኅተሙ አለመጽናቱ ነው። ሴትዮዋ ሁለት ምዕተ ዓመት ሳትለወጥ ስትኖር፣ ራም በየጥቂት ዓመቱ መልኩን ይቀይራል። አዲሱ አሮጌው ቤት አይገባም፤ አሮጌውም አዲሱ ቤት። ራም ራሱ ምን እንደሆነ ለማየት አነሳሱን ማወቅ ነው።

የዛሬው ራም አባት የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 መብቱን ያስመዘገበለት ሐሳብ ቀላል ነው፤ አንዲት ቅንጣት መረጃ በአንዲት ትራንዚስተርና ኤሌክትሪክ በምትቋጥር አንዲት ጽዋ ትያዝ ነው ያለው። ጽዋዋ ከሞላች አንድ፣ ባዶ ከሆነች ዜሮ። ችግሩ ጽዋዋ ታፈሳለች። ስለዚህ የዘመኑ ራም ቢበዛ በየ64 ሚሊ ሴኮንዱ የያዘውን ሁሉ እያነበበ መልሶ ይሞላል። የቅኔ ቤት ልጅ ሌሊት ትምህርቱን እንደሚቀጽለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ራም መብራት ከጠፋበት አንዲት ቃል አይቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢንቴል ለገበያ ያወጣው 1103 የተባለ ቺፕ የሚይዘው 1024 ቢት ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የግዕዝ ፊደል በ16 ቢት ሲጻፍ፣ ያ ቺፕ የሚችለው 64 ፊደል ነው። ጉባኤ ቃና ቢያስይዝ ነው፤ መወድስ አይሞከርም።

ኢንቴል ራሱ ከጃፓኖች ጋር መወዳደር ቢያቅተው እ.ኤ.አ. በ1985 ከዚህ ንግድ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ቱና ዴቪድ ሰን ኪንግስተንን መሠረቱ። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፤ ኪንግስተን ቺፕ አይፈበርክም። ቺፑን ከፈብራኪዎች ገዝቶ፣ ሰሌዳ ላይ ገጥሞና ፈትሾ፣ ስሙን ለጥፎ ይሸጣል። የዓለምን አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚያመርቱት የኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ የአሜሪካው ማይክሮንም ናቸው። የጀርመኑ ኪሞንዳ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የጃፓኑ ኤልፒዳ በ2012 ከሰሩ። ስለዚህ ተለጣፊው ላይ ያለው ስም የጠገራዋ ፊት ነው፤ ብሩ ከሥሩ ያለው ጥቁር ቺፕ ነው። ተለጣፊ ማተም ቀላል ነው። ቺፑ ላይ በጨረር የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ መፋቅም ይቻላል፤ ግን ገጹ አይስተካከልም፤ ከስልክ መብራት ጋር አጋድመህ ስታየው ያስታውቃል።

ትልልቆቹን አምኛቸው አይደለም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ዋጋ ተነጋግሮ በመስቀል 300 ሚሊዮን ዶላር አሜሪካ ውስጥ ተቀጥቷል፤ ሃይኒክስም 185 ሚሊዮን። ማይክሮን ቀድሞ ስለተናዘዘ ማሩት። ነጋዴ ነጋዴ ነው። በዋጋ ቢበሉህም ቺፑ ቺፕ ነው፤ ሌባው ተለጣፊ ግን ዋጋህንም ሥራህንም ነው የሚወስደው።

ሙያውን የለመድሁት አዲስ አበባ ነው፣ በ1995 ዓ.ም.፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ። ያኔ 128 ሜጋ ባይት ራም እንደ ቅርስ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጌታዬ ሳይፈትሽ የሚሸጠው አልነበረም፤ እኔ ግን ሥራው የገባኝ እየተሳሳትሁ ነው። ዲዲአር የሚባለው የላፕቶፕ ራም አንደኛውም ሁለተኛውም ትውልድ 200 ጥርስ ነው ያለው። ከጥርሶቹ መሃል ያለችው ቁርጥ ብቻ ለዓይን በማትታወቅ ልዩነት ፈቀቅ ብላለች። እኔ በጉልበት ገፋሁት፤ ቤቱ ተሰነጠቀ። የዚያን ወር ደሞዝ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በቃሌ ያዝሁ፤ ሦስተኛው 204፣ አራተኛው 260፣ አምስተኛው 262። የማይገባ ከሆነ የሱ ቤት አይደለም፤ ጉልበት የሚጠይቅ ራም የለም።

ወደ አገሬ ተመልሼ አምበር ላይ ሱቅ የከፈትሁት በ2004 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን ላፕቶፕ ቸር ነበር። ቶሺባ ሳተላይት እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው እጅ ላይ ነበረ፤ ከሥሩ አንድ ብሎን ብቻ ፈትተህ ትንሿን ክዳን ስታነሳ ሁለቱ ራሞች እንደ መንታ ተኝተው ታገኛቸዋለህ። አንድ የነበረውን ሁለት ጊጋ፣ ሁለት የነበረውን አራት እያደረግሁ ብዙ ቀለብ በላሁበት። አራት ያለውን ስምንት አድርግልኝ ሲሉኝ ግን መጀመሪያ የማየው ዊንዶውሱን ነበር። ባለ 32 ቢት ከሆነ ከአራት በላይ ያለውን አያየውም፤ ጎተራው ቢሰፋ በሩ ጠባብ ነው። ይህን ሳይነግሩት የሸጡለት ሰው ስንት ጊዜ ተናዶ መጥቶብኛል።

ከሁሉ የከፋችው ወጥመድ ሦስተኛዋ ዲዲአር ናት። ሁለት ዓይነት ናት፤ አንዷ በ1.5 ቮልት፣ ሌላዋ በ1.35 ቮልት የምትሠራ። ጥርሳቸው 204፣ ቁርጣቸው አንድ ቦታ፣ መልካቸው አንድ። የሚለያቸው ተለጣፊው ላይ ከሦስት ቁጥር ቀጥላ ያለች አንዲት «ኤል» ናት። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ከተሠሩት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዝቅተኛዋን ካልሆነ ንክች አይሉም። አንዴ አራት ራም ከአዲስ አበባ ይዤ መጥቼ፣ አባይን ወርጄ ወጥቼ፣ አራቱም «ኤል» የላቸውም። ላፕቶፑ አይጮህ፣ አይበራ። ሻጩን አልወቅስም፤ እሱ የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። አያቴ ፊደሎቹን ሳያነቡ ይቆጥሩ ነበር፤ እኔ ማንበብ እያወቅሁ አንዷን ዘለልኋት።

የአንድ መምህር ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ማርክ የሚሞላበት ላፕቶፕ አለው፤ ራም ጨምሬለታለሁ። አንድ ቀን መጣና «ይኼ ነገር ቫይረስ ይዞታል» አለኝ። ሰነዱን ከፍቶ አሳየኝ። «ርዕሰ መምህሩ አለ» ብሎ የጻፈው «አሉ» ሆኗል። ተማሪው አበበ «አበቡ» ተብሏል። 68 ያገኘች ልጅ 69 ሆናለች፤ 60 የነበረው 61። እኔም ሳላመነታ ቫይረስ ነው አልሁ። ፎርማት አደረግሁት። በሳምንቱ ተመለሰ፤ ደግሜ ፎርማት አደረግሁ። በሦስተኛው እሱም እኔም አፈርን። ያን ማታ ወረቀት አውጥቼ የተበላሹትን ፊደሎች ደረደርኋቸው፤ ለ ሉ ሆነ፣ በ ቡ ሆነ፣ 8 ወደ 9፣ 0 ወደ 1። አንድም ጊዜ ሉ ወደ ለ አልወረደም፤ 9ም 8 አልሆነም። ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ቫይረስ እንዲህ ያለ ጨዋነት ከየት ያመጣል?

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት በስምንት በስምንት ነው የተደረደረው። ግዕዙ ዜሮ ላይ፣ ካዕቡ አንድ ላይ፣ ሣልሱ ሁለት ላይ፣ ራብዑ ሦስት ላይ። ግዕዝና ካዕብ የሚለያዩት በመጨረሻዋ አንዲት ቢት ብቻ ነው። ሣልስና ራብዕም እንዲሁ። ራሙ ውስጥ አንዲት ጽዋ ባዶ መሆን እምቢ ብላ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነች፣ በእሷ ላይ የወደቀ ለ ሁሉ ሉ ይሆናል። «አለ» «አሉ» ሆኖ ለርዕሰ መምህሩ ያልታሰበ አክብሮት የሰጠችው አንዲት የተበላሸች ጽዋ ናት። ለልጅቷም አንድ ማርክ።

ክሪስ ብሬዲ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፈው ሜምቴስት የሚባል ፕሮግራም አለ። በፍላሽ ጭነህ ላፕቶፑን ከዊንዶውስ በፊት በእሱ ታስነሳዋለህ። እያንዳንዷን ጽዋ ይሞላል፣ ያነብባል፣ ይገለብጣል፣ መልሶ ያነብባል። ዙሩን ሲጨርስ ይደግማል። የመምህሩን ላፕቶፕ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለቀቅሁት። የመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ሆኖ አለፈ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። በሦስተኛው ዙር፣ ማሽኑ ሲግል፣ ቀይ መስመር መጣ። ከዚያ ሌላ። ሁሉም አንድ አድራሻ ላይ፣ ሁሉም ያቺው አንዲት ቢት። ያስቀመጥሁለትን ራም አውጥቼ ተለጣፊውን በሙቅ አየር ሳላቅቀው ከሥሩ ሌላ ተለጣፊ ወጣ። የገዛሁበትን ሱቅ ስም አልጠራም፤ እኔም ሳልፈትሽ ነው የገጠምሁት።

ለመምህሩ ሌላ ራም ሰጠሁት፤ ማርኩንም አብረን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርን፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ። የ68ቷን ልጅ ስናገኝ ብዕሩን አስቀመጠ። «እሷ እንኳ ባታውቅም ትቆጨኛለች» አለና 68 ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ራም የሚገዛኝ ሰው ዕቃውን በዚያው ቀን አይወስድም። ይናደዳሉ። አንድ ቄስ «አንተ ልጅ፣ ራሙን ነው ወይስ እኔን ነው የምታሳድረው?» ብለውኛል። «አባ፣ ዳዊትዎ ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥብዎስ?» አልኋቸው። ዳዊታቸውን በቃላቸው ነው የሚያውቁት፤ ሳቁና ሄዱ። ማልደው መጡ።

ይህ ሁሉ ጣጣ እያለቀ ይመስለኛል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ስስ ላፕቶፕ ከሥሩ ክዳን የለውም፤ ብትከፍተውም ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤርን ያወጣው እንዲህ አድርጎ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ ተከትለውታል። «እትዬ፣ ለዚህ የምጨምርበት ቦታ የለውም» ስላቸው ልጃቸውን የሰደብሁባቸው ይመስላቸዋል።

ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ልብ አያሳርፍም። በዚያ ላይ በ2018 ዓ.ም. ቺፕ ፈብራኪዎቹ ወደ ትልልቆቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ፊታቸውን አዞሩ፤ ማይክሮን ኅዳር ላይ ክሩሻል የሚለውን ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጥበትን ስም እንደሚተው አስታወቀ። የራም ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ለአሥር ዓመት ከመሳቢያዬ ሥር ያከማቸኋቸው፣ ከሞቱ ላፕቶፖች የነቀልኋቸው ሁለት ጊጋና አራት ጊጋ ራሞች እንደ ገና ሰው የሚጠይቃቸው ሆኑ።

ዛሬ አሥራ አንዱን አወጣኋቸው። ሦስቱ ላይ «ኤል» አለች። የእናቴን አንዲት ጠገራ ከመሳቢያው ጥግ አገኘኋት፤ ዕንቁዎቿ አሁንም በጥፍር ይቆጠራሉ፤ መልሼ አስቀመጥኋት። የራሞቹን ጥርስ በላጲስ ጠርጌ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሮጌዋ ቶሺባ ላይ ገጥሜ ሜምቴስት አስነስቻለሁ፤ አንድ ዙር አልፏል። መብራት ካልጠፋ ሦስተኛውን ጠዋት አየዋለሁ።